ሚኒሞ ሲዋዥቅ ከመለዋወጫ በፊት አየሩ ይመርመር

መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ሲወጣና ሲወርድ ወይም ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ጥፍት ሲል ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ሴንሰር ይቀየር» የሚል ነው። ሴንሰሩ ይቀየራል፤ ችግሩ ግን እዚያው አለ። ከዚያ ተራው የካንዴላ፣ ቀጥሎ የቦቢና፣ ከዚያም የትሮትል ቦዲ ይሆናል። ገንዘቡ መባከኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ጤነኛ የነበረ ዕቃ ወጥቶ ምን ያህል እንዳገለገለ የማይታወቅ አሮጌ ዕቃ መግባቱና በመጀመሪያው ብልሽት ላይ ሌላ መደረቡ ነው። ሚኒሞው፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ የተበላሸበት ሞተር በግምት ዕቃ ሊቀየርለት አይገባም። ምርመራው ከአየር ከጀመረና እያንዳንዱ ጥርጣሬ በመለኪያ ከተረጋገጠ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

ለምን ከአየር? ሞተር ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ዙር ገደማ ይዞራል። በዚህ ጊዜ የትሮትሉ ክዳን ሊዘጋ ትንሽ ስለሚቀረው የሚገባው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ከክዳኑ በኋላ ባለ አንድ ቀጭን ቱቦ ላይ ስንጥቅ ቢኖር፣ መኪናው በ80 ሲሄድ ከሚገባው ብዙ አየር ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ በሚኒሞ ግን የድርሻው መጠን ትልቅ ነው። «መንገድ ላይ ደህና ነው፣ ሲቆም ነው የሚያስቸግረው» የሚለው የአሽከርካሪ ቃል ለዚህ ነው ዋጋ ያለው። አገራችን ውስጥ የሚሄዱት ብዙዎቹ ኮሮላና ቪትዝ የቆየ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ የቱቦዎቻቸው ጎማ ደግሞ ኪሎሜትር ባይቆጥርም በሞተር ሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የፍሬን ማገዣው ቱቦ፣ የሞተሩን የዘይት ጭስ መልሶ የሚያስገባው ቫልቭና የማኒፎልዱ ማሸጊያ በመጀመሪያ መታየት አለባቸው። ፍሬን ሲረገጥ ሚኒሞው ከተለወጠ ዓይን ወደ ፍሬኑ ቱቦ ይሂድ።

«ኮምፒውተሩ ኮድ አውጥቷል፣ ሌላ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ኮድ የታየውን ምልክት ይናገራል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይጠራም። ለምሳሌ ፒ0171 የሚለው ኮድ ቤንዚኑ ለአየሩ አንሷል ማለት ነው። ይህን አይቶ የኦክስጅን ሴንሰሩን የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን በትክክል የሠራውን ዕቃ ነው የሚጥለው። ኮዱን ያነበበው ስካነር ግን ከኮዱ የሚበልጥ ነገር ያሳያል፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በመቶኛ ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚነግረውን ቁጥር። ጤነኛ ሞተር ላይ ይህ ቁጥር ከዜሮ ብዙም አይርቅም። በሚኒሞ 20 ከመቶ ጨምሮ፣ ዙሩ 2,500 ላይ ሲያዝ ወደ 4 ወይም 5 ከወረደ የአየር ማፍሰስ አለ ማለት ይቻላል። በተቃራኒው ዙሩና ጭነቱ ሲጨምር ቁጥሩም ካደገ ጥርጣሬው ወደ ነዳጅ ፓምፕ፣ ወደ ነዳጅ ፊልትሮ ወይም አቧራ ወደያዘው የአየር መለኪያ ሴንሰር ይዞራል። አየርን በግፊት የሚለኩ መኪኖች ላይ ግን ማፍሰሱ ቁጥሩን ሳያዛባ ሚኒሞውን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ እዚያ ቱቦዎቹን በጭስ መፈተሽ የተሻለ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ስፕሬይ እየረጩ መፈለግ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አይመከርም።

ሌላው የተለመደ መልስ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን ተገቢ ሙያ ነበር፤ ቪቴውን በጆሮ እያዳመጡ የሚያስተካክሉ መካኒኮች ሥራቸውን ያውቁ ነበር። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ላይ ግን ዙሩን በግድ መጨመር መንቀጥቀጡን ሸፍኖ ቤንዚን ያስበላል፣ አውቶማቲክ ማርሽ ሲገባም መኪናውን ያስደነግጣል። ዙሩን ከመጨመር ይልቅ መለካት ይሻላል፤ ሲለካ ግን ለአዲስ አበባ መካኒክ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ለባሕር ጠረፍ የተጻፉ መመሪያዎች የጤነኛ ሞተር የማኒፎልድ ስበት ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ነው ይላሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ያው ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 13 ያህል ቢያሳይ አይገርምም። ይህን ያላገናዘበ ሰው ደህናውን ሞተር «ተበልቷል» ብሎ ሊፈርድበት ይችላል።

«ምርመራ ጊዜ ይፈጃል፣ ዕቃ መቀየር ይቀላል» የሚለው መከራከሪያ ከፊል እውነት አለው፤ ጋራዥ ውስጥ ጊዜ ገንዘብ ነው። ግን መቀያየርም ራሱ ምርመራ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ፒ0301 ከሆነ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አይተኩስም ማለት ነው። የአንደኛውን ቦቢና ከሁለተኛው ጋር አቀያይሮ ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን መንዳት ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ኮዱ ፒ0302 ሆኖ ከተመለሰ ቦቢናው በማስረጃ ተያዘ። እዚያው አንደኛው ላይ ከቀረ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩ፣ በመጨረሻም ኮምፕሬሽኑ ይለካል። ኮምፕሬሽን ካነሰ ቫልቭ ወይም ፋሻ አለበት፤ የትኛውም ጽዳት አያድነውም። ቀስቱ ሳይነቃነቅ ቦዲው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎች ይታዩ።

ትሮትል ቦዲው በጥቀርሻ ከተደፈነ በራሱ ማጽጃ መታጠቡ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ክዳን ግን ቁልፍ በርቶ በእጅ መግፋት የክዳኑን ጥርሶች ሊያበላሽ ይችላል። ከጽዳት በኋላ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ቢቆይ መኪናው ተበላሸ ተብሎ ሌላ ዕቃ አይገዛ፤ ኮምፒውተሩ በቆሻሻው የለመደውን ክፍተት እንደያዘ ነውና የሚኒሞውን ልክ እንደገና እንዲማር በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስም አንዳንድ መኪኖች ይህንኑ ይጠይቃሉ።