የጓሮ ፖም በአለቃቀምና በአያያዝ ጉድለት እንዳይባክን

በመርካቶ ሸማ ተራ ለገበያ የሚቀርበው ነጠላ፣ ጋቢና ቡሉኮ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ሸማኔዎች የእጅ ሥራ ውጤት ነው። ከእነዚህም መካከል ከጋሞ ደጋ፣ ይኸውም ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡት ሸማኔዎች ጉልህ ሥፍራ አላቸው። አባወራው አዲስ አበባ ላይ መወርወሪያውን ሲወረውር ባለቤቱና ልጆቹ በትውልድ ቀዬው የእንሰቱን፣ የገብሱንና የድንቹን ማሳ ይንከባከባሉ። በዚያው ጓሮ ከሸማው ገቢ ጎን ለጎን ቤተሰቡን የሚደጉም ሌላ ሀብት አለ። ይህም በገበያ አፕል እየተባለ የሚጠራው ፖም ነው።

ፖም ወደ ጨንቻ የገባው በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሚስዮናውያን አማካይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ችግኝ በማባዛትና ገበሬውን በማሠልጠን ተክሉ እንዲስፋፋ አድርጋለች። የጨንቻ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ብርዱ ለተክሉ ይስማማዋል። በአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎችም ፖም እየተተከለ ነው። ብዙ ብርድ የማይጠይቁት «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የተባሉት ዝርያዎች ጎን ለጎን ሲተከሉ ንቦች የአንዱን ዱቄት ለሌላው ስለሚያደርሱ ፍሬያቸው ይበረክታል።

ይሁን እንጂ ችግኝ መትከል ብቻውን ገቢ አያስገኝም። ያለጊዜው የተለቀመ፣ በዱላ የረገፈና በጆንያ ታጭቆ የተጫነ ፖም ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። የዓመቱ ድካም ከንቱ የሚሆነው በእነዚህ ጥቂት ቀናት ጥፋት ነው።

መድረሱ በምን ይታወቃል?

የፍሬው መቅላት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መታየት ያለበት ከቅላቱ ሥር ያለው መደብ ከደማቅ አረንጓዴ ወደ ቢጫነት መለወጡ ነው። አንድ ፍሬ ቆርጦ ዘሩን ማየትም ይቻላል፤ ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ ወደ ቡናማነት ከተለወጠ ደርሷል። ሌላው መንገድ የተቆረጠውን ፍሬ ከፋርማሲ በሚገኝ አዮዲን መቀባት ነው። ገጹ በሙሉ ከጠቆረ ስታርቹ ገና ወደ ስኳር አልተለወጠም ማለት ነው። አዮዲን የተቀባው ፍሬ ግን መበላት የለበትም።

አለቃቀም

አጫጭር የጓሮ ዛፎች ትልቁ ጥቅማቸው ቆሞ ወይም በትንሽ መሰላል መልቀም ማስቻላቸው ነው። ስለሆነም ዛፉን ማርገፍገፍም ሆነ በዱላ መምታት አያስፈልግም። ፍሬውን በመዳፍ ይዞ ወደ ላይ እያነሱ በቀስታ ማዞር ይበቃል፤ የደረሰው ከነጭራው በቀላሉ ይለቃል። እምቢ ያለው ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። በጉልበት ሲጎተት ለከርሞ የሚያብበው አጭር ቅርንጫፍ አብሮ ይገነጠላል። በአንድ ዛፍ ላይ ያለው ፍሬ ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይደርስ ለቀማው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይካሄድ። ሰዓቱም ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ መሆን አለበት።

አቀማመጥና ማጓጓዝ

የተለቀመው ፖም ጭድ ወይም ደረቅ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ሣጥን ይቀመጥ። የተመታውና ትል የገባበት ዕለቱኑ ተለይቶ ይውጣ። የበሰበሰ ፍሬ ሌላውን ቶሎ የሚያበስል ጋዝ ስለሚያመነጭ አንዱ ሣጥኑን ሁሉ ያበላሻል። ይኸው ጋዝ ካሮትን ስለሚያመር ሁለቱ አብረው አይቀመጡም። የማከማቻው ክፍል ቀዝቃዛ፣ ጨለማና አየር የሚገባው ይሁን። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው ጭነት በአንድ ጊዜ ከብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ስለሚገባ ጉዞው በሌሊት ወይም ማለዳ ቢደረግ ይመረጣል።

ከገበያ የተረፈው

ትንንሹና የተሰነጠቀው ፖም፣ የበሰበሰው ክፍል ተቆርጦ ከወጣ፣ ለቤት ይጠቅማል። በስሱ ተቆርጦ የሎሚ ጭማቂ ባለበት ውሃ ከተነከረ በኋላ በንጹሕ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ስስ ጨርቅ ለብሶ በፀሐይ ይደርቃል። ማርማላታ ለመሥራት ለ1 ኪሎ የተላጠ ፖም 750 ግራም ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሮ እስኪወፍር ማማሰል፣ ከዚያም በፈላ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ ትኩሱን መሙላት ነው። ልጣጩ ከውሃና ከጥቂት ስኳር ጋር በጠርሙስ ተደርጎ አፉ በጨርቅ ከታሰረ በሳምንታት ውስጥ አቼቶ ይወጣዋል። ለከብት የሚሰጠው ደግሞ ተከትፎ በመጠኑ መሆን ይገባዋል፤ ሙሉው ፍሬ የበሬን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

የማኅበሩ ድርሻ

የአንድ ጓሮ ፖም ጥቂት ቅርጫት ብቻ ነው። እማወራዋ ብቻዋን ከነጋዴ ጋር ስትደራደር፣ በተለይም ፍሬው ዛፉ ላይ ሳለ በጅምላ ስትሸጥ፣ ስንት ኪሎ እንደሸጠች እንኳ አታውቅም። የሃያ ጓሮ ፍሬ በአንድነት ሲሰበሰብ፣ በመጠን ሲለይና በሚዛን ሲመዘን ግን ዋጋ ይጠየቅበታል። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች የጋራ ሚዛን፣ ሣጥንና የጥላ ማከማቻ ቢያዘጋጁ፣ የለቀማውንም ተራ ከወዲሁ ቢያስይዙ ትልቅ ሥራ ሠሩ ይባላል። በአዲስ አበባ የሚኖሩት የጋሞ ሸማኔዎች ለመስቀል ወደ አገራቸው ስለሚገቡ፣ ቤተሰቡ ተሟልቶ የሚመክርበት አመቺ ጊዜ ያ ነው። በምክሩም የሴቶች ድምፅ ሊቀድም ይገባል፤ ዛፉን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና።