ሬክለስ (ቅጽል)

ሬክለስ በእንግሊዝኛ ቋንቋ አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል እየታወቀ ያለ ጥንቃቄ የሚፈጸምን ድርጊት ወይም እንዲህ የሚያደርግን ሰው የሚገልጽ ቅጽል ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ግዴለሽ» ወይም «ደንታ ቢስ» ተብሎ ይተረጎማል።

ሥርወ ቃል

ቃሉ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን «ሬክ» (ግድ መስጠት) እና «ለስ» (የሌለው) ከሚሉት ክፍሎች የተሠራ ነው። አሠራሩ «ግድ» እና «የለሽ» ተጣምረው ከሚሰጡት የአማርኛ ቃል ጋር ይመሳሰላል። የጀርመንኛው «ሩኽሎስ»ም ከዚሁ ሥር ነው። «ሬክ» የሚለው ግሥ ዛሬ ብቻውን እምብዛም አይነገርም። «መሰባበር» የሚል ትርጉም ካለው ሌላ ቃል ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነ ብዙዎች በስህተት ከፊቱ ደብልዩ የሚባለውን ፊደል ጨምረው ይጽፉታል።

አጠቃቀም

ሬክለስ «ኬርለስ» ከሚለው ቃል ይከብዳል። ቀይ መብራት ሳያስተውል የጣሰ ሾፌር ኬርለስ ይባላል። መብራቱን አይቶ፣ እግረኞች እየተሻገሩ መሆኑንም እያወቀ የጣሰ ግን ሬክለስ ነው። ልዩነቱ አደጋውን በማወቁ ላይ ነው። ቃሉ ከመንዳት ሌላ ለገንዘብ አወጣጥ፣ ለንግግርና ለውሳኔም ይነገራል።

በሕግ

በአሜሪካ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል የወንጀል ሕግ የጥፋተኝነት ሐሳብን በአራት ደረጃ ይከፍላል፦ በዓላማ፣ በማወቅ፣ በሬክለስነት እና በቸልተኝነት። በሬክለስነት የሚጠየቀው ከባድና ምክንያት የሌለው አደጋ መኖሩን እያወቀ ችላ ያለ ሰው ነው።

በእንግሊዝ በ2003 እ.ኤ.አ. የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች ጋዜጣ አቃጥለው ሱቅ ባነደዱበት ጉዳይ፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ተከሳሹ ራሱ አደጋውን ማወቅ አለበት ሲል ወሰነ። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችል የነበረ ግልጽ አደጋም በቂ ነበር።

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሁለት ዋና ክፍሎች ብቻ አሉት፦ አስቦ ማድረግ (አንቀጽ 58) እና ቸልተኝነት (አንቀጽ 59)። አደጋውን እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ያለ ሰው በመጀመሪያው፣ «አይደርስም» ብሎ የገመተ በሁለተኛው ይጠየቃል። ስለዚህ ሬክለስን ሁልጊዜ «ቸልተኛ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል (137 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ መንዳት «ሬክለስ ድራይቪንግ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱ ብቻ በቂ ነው፤ የሾፌሩ ሐሳብ አይጠየቅም። ክሱ ተራ የትራፊክ ቅጣት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። በክስ ወረቀት ላይ ቃሉን ያየ ሰው «ጥንቃቄ ማጉደል» ብቻ አድርጎ ሊያልፈው አይገባም።