ሰሜን ተራሮች በእግር፦ መስመሩ፣ ከፍታውና የመንገዱ ባለቤቶች

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን “አይቼዋለሁ” ከሚሉ የአገር ውስጥ ጎብኚዎች ብዙዎቹ ያዩት በመኪና መስኮት ነው። በጠዋት ከጎንደር ተነስተው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደባርቅ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ሳንቃበርን አልፈው እስከ ጨነቅ ይዘልቃሉ፤ ከጭላዳ ዝንጀሮዎች ጋር ፎቶግራፍ ይነሱና ሳይመሽ ይመለሳሉ። ይህ ጉብኝት አይናቅም። ይሁን እንጂ ተራራው ብዙውን ነገር የሚያሳየው በእግሩ ለመጣ ሰው ነው። የአካባቢው ነዋሪም ከመኪና ጎብኚ ይልቅ ከእግረኛው የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል።

ገደሉ እንዴት ተፈጠረ?

የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ እየፈሰሰ በተነባበረ ዓለት የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ ዓለቱን ሲሸረሽሩ ኖረው አምባውን ከቆላው የሚለየውን ታላቅ ገደል ፈጠሩ። አንዳንዱ ገደል እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ተጓዥ በአምባው ጠርዝ ላይ ሲራመድ በግራው በኩል ገደሉንና በቆላው ውስጥ ተነጣጥለው የቆሙትን ሹል ተራሮች እያየ ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ ካሰፈራቸው 12 ቦታዎች ሁለቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ ሲሆን ሌላው ይኸው ፓርክ ነው። በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የሌለው ዋልያ የሚገኘው እዚህ ነው። ቀይ ቀበሮም በፓርኩ አለ። ጭላዳ ደግሞ በዋናነት ሣር በመጋጥ የሚኖር ዝንጀሮ ሲሆን፣ ቀን በሜዳው ላይ ውሎ ሌሊት ገደል ውስጥ ያድራል። በሰው ላይ ጉዳት የማድረስ ልማድ የለውም፤ ቢሆንም ምግብ መስጠት አይገባም።

የተለመደው መስመር

ከደባርቅ ቡይት ራስ ድረስ በመኪና ሄዶ ከዚያ በእግር መጀመር የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ማደሪያ 3,250 ሜትር ላይ የሚገኘው ሳንቃበር ነው። በማግስቱ የጅንባር ፏፏቴን አይቶ 3,600 ሜትር ላይ ወዳለው ግጭ ይወጣል። ሦስተኛው ቀን ከሁሉም የሚመረጠው ነው፤ ተጓዡ 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ ገደሉን በሦስት አቅጣጫ ካየ በኋላ ወደ ጨነቅ ይወርዳል። ዋልያን ለማየት የሚሻለውም የጨነቅ አካባቢ ነው።

ጊዜና ጉልበት ያለው ሰው 4,430 ሜትር ከፍታ ያለውን የቧሂት ተራራ ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ በመውጣት አምቢቆ ያድራል። ከዚያም ሌሊት ተነስቶ ራስ ደጀን ላይ ይወጣል። የቆዩ መጻሕፍት የራስ ደጀንን ከፍታ 4,620 ሜትር ይሉታል፤ የቅርብ ጊዜ ልኬት ግን ወደ 4,550 ሜትር አውርዶታል።

ከፍታው ቀልድ አይደለም

በ3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከቆላ ከመጣ ሰው የተሻለ ቢቋቋመውም “እኔን አይነካኝም” ሊል አይችልም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚመከረው፣ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ ነው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚደረገው ጉዞ በዚህ ልክ የሚሄድ በመሆኑ ቀን መዝለል አይበጅም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከታዩ ሰውየው ሳይሻለው ከፍ ማለት የለበትም። ሲራመድ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጦም ማለክለክ ከመጣ ግን ንጋትን ሳይጠብቁ ወዲያው ይዞት መውረድ ያስፈልጋል። ቅዝቃዜውም ከባድ ነው፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ክረምቱ ጭጋግና ጭቃ ስለሚበዛበት የሚመረጠው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያለው ነው፤ በጥቅምት ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው።

የታሪክ ቦታዎች

የጉዞው መነሻ ጎንደር የፋሲል ግቢ ያለባት ከተማ ናት። ከተለመደው መስመር ወጣ ብሎ በጃናሞራ በኩል ለሚሄድ ደግሞ ደረስጌ ማርያም አለች። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑና፣ በቤተ ክርስቲያኗ ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑባት። ሰሜን ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብም አገር ነበር።

መንገዱ የማን ነው?

ተጓዡ የሚረግጠው መንገድ በአብዛኛው ለቱሪስት የተሠራ አይደለም። ገበሬው ገበያ የሚወጣበት፣ ቄሱ ወደ ደብራቸው የሚሄዱበት፣ እረኛው ከብት የሚነዳበት መንገድ ነው። የእግር ጉዞ ሲኖር አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበው ስካውት፣ ምግብ አብሳዩና ባለ በቅሎው ሥራ ያገኛሉ። በመኪና ገብቶ የሚመለሰው እንግዳ ብዙ ጊዜ ለበቅሎ አይከፍልም፤ አያድርምም።

ፓርኩ የዋልያው ቁጥር በመመናመኑና እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሜዳው ለዋልያና ለሣሩ ሲለቀቅ፣ ዋጋውን የከፈሉት ርስታቸውን ትተው ከተማ የገቡት ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ ከፓርኩ የሚገኘው ገቢ ለነዋሪው መድረሱ የፓርኩም ህልውና ጉዳይ ነው። ገበሬው ከዋልያው ጥቅም ካላገኘ ስለምን ይጠብቀዋል?

እ.ኤ.አ. በ2019 ፓርኩን ቃጠሎ አገኘው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት እስከ ደባርቅ አቅራቢያ ደረሰ፤ በ2015 ክረምትም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። እንግዳ ሲቀር በቅሎው ሥራ ይፈታል፤ አስጎብኚውም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል።

ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለአንድ ቀን የተያዘውን የመኪና ጉብኝት ወደ ሦስት ቀን የእግር ጉዞ ይለውጠው፤ አስጎብኚና በቅሎም እዚያው ደባርቅ ይያዝ። ወፍራም ልብስ፣ የእጅ ባትሪና የተለማመዱት ጫማ አይረሱ፤ ውኃም ሳይፈላ አይጠጣ።