ገደቡና ወሰኑ

በ2021 ቨርጂኒያ ውስጥ የምርጫ ክልል ካርታ ለሕዝብ አስተያየት ከቀረበባቸው ስብሰባዎች አንዱ ሲያበቃ አንድ አባት ቀረቡኝና «ልጄ፣ ይኼን መስመር ተዪው። ይልቅ እነዚያን ሠላሳ ዓመት የተቀመጡትን አስነሡልን» አሉኝ። አዳራሹ ሊዘጋ ስለነበር «እሺ አባባ» ብዬ ተሰናበትኳቸው። ከዚያ ወዲህ ያው ለተመራጮች የዘመን ገደብ ይበጅ የሚለው ሐሳብ ለቅሶ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም ይገጥመኛል። ካርታ መሥራት እንጀራዬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብዙዎቻችን ከአገር ይዘነው የወጣነው ትዝታ ከሥልጣን አልወርድ ያለ መሪ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ለሚይዘው ሥልጣን ገደብ ማበጀት ተገቢ ነው፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ በ1951 በሕገ መንግሥት የታገደውም ለዚህ ነው። የምክር ቤት አባል ግን ከመቶ ሰው አንዱ ነው። አቅሙ ሥራውን ማወቁ ነው፦ በጀት አገላብጦ ማንበብ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊን ጠርቶ ማፋጠጥ። ይኼ ደግሞ በአንድ ክረምት አይለመድም።

ሚሺጋን ሁለቱንም መንገድ ሞክራዋለች። በ1992 መራጮቿ ለታችኛው ምክር ቤት 6 ዓመት፣ ለሴኔቱ 8 ዓመት ገደብ አወጡ። ሕጉ በ1998 መሥራት ሲጀምር ከታችኛው ምክር ቤት አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዳግም መወዳደር ተከለከሉ። ለውጡን ለዓመታት የተከታተሉ የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት፣ አዳዲሶቹ አባላት መረጃ ፍለጋ ወደ ሎቢስቶች ማዘንበላቸውንና በአስፈጻሚው ላይ የነበረው ቁጥጥር መላላቱን ነው። በ2022 መራጩ ራሱ ሕጉን አሻሽሎ በሁለቱም ምክር ቤቶች በድምሩ 12 ዓመት አደረገው።

ወንበሮቹስ? የ2011ን የሚሺጋን የምርጫ ክልል ካርታ ያወጡት ምክር ቤቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ነበሩ። በ2018 ዴሞክራቶች ለታችኛው ምክር ቤት ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኙ፤ ከ110 ወንበሮች 58ቱ ግን የሪፐብሊካኖች ሆነው ቀሩ። የዘመን ገደቡ እኮ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ከዋለ 20 ዓመቱ ነበር! ሰዎቹ እየተፈራረቁ ወጥተው ገብተዋል፤ ወንበሩ ግን ከፓርቲው እጅ አልወጣም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በዚያው በ2011 ለኮንግረስ ምርጫ ካርታውን ለራሳቸው እንዲያደላ አድርገው የሠሩት ዴሞክራቶች ናቸው።

በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሬ ላይ አንዲት የቆጠራ ብሎክ፣ ብዙውን ጊዜ በመንገድ የታጠሩ ጥቂት ቤቶች ናት፣ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሳዛውራት በጎን ያለው ሰንጠረዥ ወዲያው ይለወጣል፦ የነዋሪው ብዛት፣ የዘር ስብጥሩ፣ ያለፈው ምርጫ ውጤት። እንዲህ እያልኩ ብቀጥል ፉክክር የነበረበትን ክልል ከምርጫው በፊት ያለቀለት ላደርገው እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሚወሰነው ጥቂት ሰው በሚወጣበት የፓርቲ የውስጥ ምርጫ ነው። ተመራጩ ስድስት ዓመት ይቆይ ሠላሳ፣ የሚፈራው እነዚያን ጥቂቶች ነው። ቅርጹ የተጣመመ ካርታ ብቻ ነው የሚያጭበረብረው የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን በቀጥተኛ መስመርና በአራት ማዕዘን ያንኑ መሥራት እንደሚቻል በየቀኑ አያለሁ።

በ2018 የሚሺጋን መራጮች ካርታውን ከፖለቲከኞች እጅ አውጥተው 13 ዜጎች ላሉበት ኮሚሽን ሰጡት፦ ከየፓርቲው 4፣ ገለልተኛ 5። በ2022 በአዲሱ ካርታ ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ፤ ወደ 40 ዓመት ገደማ ያልታየ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመራጩ ልብ ሲዞር ሪፐብሊካኖች ታችኛውን 58 ለ52 መልሰው ወሰዱት። እኔ ከካርታ የምጠብቀው ይኼንን ነው፤ የያዘው ፓርቲ ሊሸነፍ የሚችልበትን።

ኮሚሽን ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የቨርጂኒያው ግማሹ የምክር ቤት አባላት ስለነበሩ ሳይስማማ ተበተነና ካርታውን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባለሙያዎች ሾሞ አሠራው። የሚሺጋኑም ንጹሕ አልነበረም፤ የዲትሮይት ጥቁር ነዋሪዎች ከሰውት በ2023 መጨረሻ ፍርድ ቤት 13 የምርጫ ክልሎችን ሽሯል። በ2025 ደግሞ ቴክሳስ ቆጠራ ሳይጠብቅ ካርታዋን ስትቀይር የካሊፎርኒያ መራጮች መልስ እንዲሆን ብለው የራሳቸውን ኮሚሽን ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን አደረጉት። ይኼ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም መፍትሔው እንደገና ካርታው ላይ ነው።

ለኮንግረስ አባላት ገደብ የሚሹም አሉ። በ1995 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግዛቶች ይህን ማድረግ አይችሉም ስላለ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የ38 ግዛቶችን ይሁንታ ይጠይቃል። ለፓርቲ የሚያደላ ካርታን በተመለከተ ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በ2019 የፌዴራል ዳኞች አይገቡበትም ብሏል። ስለዚህ ሥራው ያለው በየግዛቱ ነው።

ቀጣዩ ቆጠራ በ2030 ነው፤ ካርታው በ2031 ይሠራል። ሚሺጋን ውስጥ ማንም ነዋሪ የራሱን ካርታ ሠርቶ ለኮሚሽኑ ማስገባት ይችላል። እኔን መሰል ሠራተኛ የሚጠቅመው ሰፈራችሁ ከየትኛው መንገድ ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ልጆቻችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማሩ፣ የት እንደምትገበያዩ የተጻፈበት አንድ ገጽ ነው። ከኛ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ያየሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው።