የአሮጌ ሞተር ቴስታ አመራረጥ

የጋራዥ ሠራተኞች በየዕለቱ የሚናገሯቸውን ቃላት ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ከኢጣሊያንኛ የተወረሱ በርካታ ስሞችን ያገኛል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ የሚባሉት ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። «ቴስታ»ም ከእነዚሁ አንዱ ሲሆን ትርጉሙ ራስ ማለት ነው። ስሙም ለዕቃው የተገባ ነው፤ ቴስታ ከሞተሩ አናት ላይ ተቀምጦ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸውን ሲሊንደሮች የሚከድን ከባድ ብረት ነውና። ይሁን እንጂ ተራ ክዳን አይደለም። አየር የሚገባባቸውና ጭስ የሚወጣባቸው ቫልቮች፣ ዘይትና ውኃ የሚዘዋወሩባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በብዙዎቹ የቆዩ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ነዳጁ መቃጠል የሚጀምርባቸው ትንንሽ ጓዳዎች በውስጡ ይገኛሉ።

ቴስታ ሲሰነጠቅ መኪናው ይቆማል። በመኪናው ለሚተዳደር ቤተሰብ የመኪናው መቆም የዕለት ገቢ መቋረጥ ስለሆነ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ሳያጣራ ይገዛል። ሳይጣራ የተገዛው ቴስታ ደግሞ ጥቂት ወራት ሳይቆይ እንደ ቀድሞው ይሰነጠቅና ወጪው እጥፍ ይሆናል። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በታክሲነት ሲያገለግሉ የኖሩትን የቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች ለምሳሌ እንውሰድ። ከእነዚህ ብዙዎቹ 2ኤል ወይም 3ኤል የሚባል ባለአራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያላቸው ናቸው። አንድ የሚኒባስ ባለቤት ዕቁብ ደርሶት ቴስታ ሊገዛ ወደ ሶማሌ ተራ ሄደ እንበል።

ከመሄዱ በፊት ግን የተበላሸው በእርግጥ ቴስታው መሆኑን ማረጋገጥ ነበረበት። ራዲያተሩ የሚፈስበት ቦታ ሳይታይ ውኃ ቢያጎድል፣ የጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንኳ ነጭ እንፋሎት ቢያወጣ፣ ዘይቱም ከውኃ ጋር ተደባልቆ ወተት የገባበት ቡና ቢመስል ቴስታው መሰንጠቁን መጠርጠር ይቻላል። ነገር ግን በቴስታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ሲቃጠልም እነዚሁ ምልክቶች ይታያሉ። የጓርኒሲዮን ዋጋ ከቴስታ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስለዚህ መካኒኩ ቴስታውን አውርዶ ካጠበ በኋላ ፍጹም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በገጹ ላይ እያጋደመ ከሥሩ ቀጭን የመለኪያ ስስ ብረት በማስገባት መጉበጥ አለመጉበጡን ይመረምራል። በመቀጠልም በቫልቮቹ መካከል ያለውን ስስ ብረት ያያል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ዙሪያ እጅግ የሚግል፣ የአየር ማስገቢያው ዙሪያ ግን ቀዝቀዝ የሚል በመሆኑ ስንጥቅ አዘውትሮ የሚጀምረው ከሁለቱ መካከል ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ሻጩ «የምን ቴስታ ልስጥዎት ጋሼ?» ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቱ «የሃይስ» ብሎ ይመልሳል። በሰዋስው ትምህርታችን እንዳየነው ገላጭ ቃል አንዱን ነገር ከሌላው ለመለየት ያገለግላል፤ «የሃይስ» የሚለው ገላጭ ግን ቴስታውን ለይቶ ለማሳወቅ አይበቃም። የ2ኤል ሞተር የሲሊንደር አፍ ስፋት 92 ሚሊሜትር ሲሆን የ3ኤል ሞተር 96 ሚሊሜትር ነው። የአራት ሚሊሜትር ልዩነት ለዓይን ጎልቶ አይታይም። የ2ኤል ጓርኒሲዮን በ3ኤል ሞተር ላይ ቢነጠፍ ግን ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ያበላሻል። ከዚህም በላይ 2ኤል የሚባለው ሞተር ራሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በቀድሞዎቹ ላይ ካምሻፍቱ ቫልቮቹን የሚገፋው እንደ ሚዛን ከፍና ዝቅ በሚሉ ክንዶች አማካይነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተሻሻለ ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ካምሻፍቱ ቫልቮቹን በቀጥታ ይጫናል። የአንደኛው ቴስታ ከሌላኛው ክፍሎች ጋር አይስማማም። እንግዲህ ገዢው በቃል ከመናገር ይልቅ በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን መለያ በጽሑፍ ገልብጦ፣ ቢቻል አሮጌውን ቴስታ ራሱን ተሸክሞ መሄድ አለበት። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የብሎን ቀዳዳዎቻቸው፣ የውኃ መተላለፊያዎቻቸውና የቫልቮቻቸው ስፋት ይነጻጸራሉ። ሸክሙ አድካሚ ነው፤ የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ተመልሶ ከሻጭ ጋር ከመከራከር ግን ይቀላል።

ለሽያጭ የሚቀርበው ቴስታ አዲስ ወይም ያገለገለ ሊሆን ይችላል። አዲሱ መኪናውን በሠራው ፋብሪካ ወይም በሌላ ፋብሪካ የተመረተ ነው። በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ የብረቱ ጥራት ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ማሸጊያውንም አይቶ መፍረድ ያስቸግራል። አንዳንዱ ባዶ ብረት ብቻ ሆኖ ስለሚሸጥ ቫልቮቹና ካምሻፍቱ ለብቻቸው የሚገዙ ወይም ከአሮጌው የሚወሰዱ መሆናቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ያገለገለው በዋጋ ይረክሳል፤ ሆኖም የተነቀለበት መኪና ምን ደርሶበት እንደ ነበር የሚመሰክር የለም። በእኔ አስተያየት ተፈትኖ ጤነኛ መሆኑ የተረጋገጠ ያገለገለ ቴስታ ምንጩ ካልታወቀ አዲስ ቴስታ ይመረጣል። ፈተናውም ከባድ አይደለም። የውኃ መተላለፊያዎቹ አንዱ ብቻ ሲቀር ሁሉም ይደፈኑና በቀረው በኩል የታመቀ አየር እየተነፋ ቴስታው በሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ስንጥቅ ካለ አረፋ ይወጣል። ይህን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭ ቢያጋጥም ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ገጹ የታረሰ መሆኑም መታየት አለበት። የጎበጠ ቴስታ በማሽን ተልጎ ይስተካከላል፤ ነገር ግን በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚታመቅ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከቴስታው ጋር ሊነካካ ምንም ያህል አይቀረውም። ከልክ በላይ የተላገ ቴስታ ቫልቮቹን ወደ ፒስተኑ ያቀርባቸዋል፤ ሲጋጩም ቫልቩ ይጣመማል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎች ለብዙ የናፍጣ ሞተሮች ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ያዘጋጃሉ፤ የውፍረቱ መለያ ምልክትም በጠርዙ ላይ ይገኛል።

ባለቤቱ ትክክለኛውን ቴስታ አገኘ እንበል። የዕቁቡን ገንዘብ በሙሉ ለእርሱ ካዋለው ግን ተሳስቷል። ቴስታ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል ነው፤ የግለቱ ምክንያት ካልተወገደ አዲሱም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊትን አፍኖ የሚይዘው ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ካለቀ፣ ሚኒባሱም ሰውና ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን አቀበቱን ሲወጣ ውኃው ፈልቶ ያልቃል። ረዳቱም ደንግጦ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከደፋበት ብረቱ በድንገት ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከቴስታው ጋር የራዲያተሩ ክዳን፣ ቴርሞስታቱና የውኃ ፓምፑ መመርመር፣ በደለል የተደፈነ ራዲያተርም መታጠብ አለበት። ለአዲስ ጓርኒሲዮንም ገንዘብ ይቀመጣል፤ አንድ ጊዜ የታሰረ ጓርኒሲዮን ዳግመኛ አያገለግልም።

በመጨረሻ ቴስታው ሲታሰር ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ይጠብቃል። የጥብቀቱ መጠን በፋብሪካው መጽሐፍ ውስጥ በቁጥር ስለተጻፈ በክንድ ግምት አይሠራም፤ መለኪያ ባለው ቁልፍ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በደንብ ከሞቀና ፈጽሞ ከበረደ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ውኃው ይታያል። በመጀመሪያው ጊዜ አየር ወጥቶ ጥቂት ሊጎድል ስለሚችል ይሞላል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በየጧቱ ሞተሩ ሳይነሣ የውኃው ልክና የዘይቱ መልክ መታየት አለበት፤ ውኃው አሁንም እየጎደለ ከሄደ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ወደ ጋራዡ ይመለሳል።