ከዲያቆንነት ማዕርግ ያላለፉት መምህር

ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚያሳርፈው በመንበሩ ላይ ነው፤ ማን ፓትርያርክ እንደ ሆነ፥ ማን ጳጳስ እንደ ተሾመ፥ ሲኖዶሱም ምን እንደ ወሰነ ይጠይቃል። ነገር ግን በእኅታችን በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በሃያኛው ምእት ዓመት የታየውን ታላቅ መለወጥ መረዳት የሚፈልግ ሰው፥ ከመንበሩ ፊት አልፎ ሕፃናት ወደሚማሩበት ክፍል መሄድ ይገባዋል። በዚያ የሚያገኛቸው ሰው ጵጵስና ያልተሾሙ፥ ቅስናም ያልተቀበሉ፥ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዲያቆንነት ያገለገሉ አንድ መምህር ናቸው። እኒህም ሊቀ ዲያቆናት ሐቢብ ጊርጊስ ይባላሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐቢብ ጊርጊስ በ1876 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ ተወለዱ። ገና በስድስት ዓመታቸው አባታቸው ስለ ሞቱባቸው በእናታቸው እጅ አደጉ። የተማሩትም ፓትርያርኩ አቡነ ቄርሎስ 4ኛ ባቋቋሙት በታላቁ የቅብጥ ትምህርት ቤት ነበረ። እኒህ ፓትርያርክ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደሉም፤ በ1856 ዓ.ም. ከግብፅ ገዥ ከሰዒድ ፓሻ ተልከው ወደ አፄ ቴዎድሮስ ዘንድ መጥተው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ተጠራጠሩአቸው ለጊዜው ታግደው የቆዩት እርሳቸው ናቸው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ለወንዶችም ለሴቶችም ልጆች የከፈቱትን ትምህርት ቤት አጠናከሩ፤ ከአውሮፓም የማተሚያ መኪና አስመጡ። መኪናው ካይሮ በደረሰ ጊዜ ዲያቆናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው በመዝሙር እንዲቀበሉት አዝዘው ነበር ይባላል። ለብረት መኪና መዘመር ለአንዳንድ ሰው ሊያስቅ ይችላል፤ አባታችን ግን የተቀበሉት ብረቱን ሳይሆን ከውስጡ የሚወጣውን መጽሐፍ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። በ1861 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራቸው ገና ጅምር ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የግብፅን ቤተ ክርስቲያን ሁኔታ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ያሳዝናል። ሕዝቡ የሚናገረው ዓረብኛ ሲሆን፥ ከቅዳሴው አብዛኛው የሚሰማው በቅብጥ ቋንቋ ነበረና ትርጓሜውን የሚያውቅ ጥቂት ነበረ። ቅስና ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት መስሎ ነበረ፤ ካህኑ ዜማውንና ሥርዐቱን ከአባቱ ይቀበላል፥ መጽሐፉን የሚያስረዳው መምህር ግን አልነበረውም። በመቅደስ ቆሞ ወንጌልን ለሕዝብ የሚተረጕም ሰባኪ ማግኘት እንደ ብርቅ ይቈጠር ነበረ። በዚህ መካከል ከ1854 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡ የአሜሪካ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በየከተማው ትምህርት ቤት እየከፈቱ የቅብጣውያንን ልጆች ይስቡ ነበረ። ሚሲዮኖቹን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን በገዛ ቤቱ እንጀራ ያጣ ልጅ ከጎረቤት ቢበላ የመጀመሪያው ጥያቄ ለቤቱ አባወራ መቅረብ አለበት።

በቤተ ክህነቱም ውስጥ ሰላም አልነበረም። በ1874 ዓ.ም. የተሾሙት ፓትርያርክ አቡነ ቄርሎስ 5ኛ፥ በዚያው ዓመት ከምእመናን ከተቋቋመው የሕዝብ ሸንጎ ጋር ስለ ቤተ ክርስቲያን ሀብትና አስተዳደር ተጋጩ። ጠቡ እየባሰ ሄዶ በ1892 ዓ.ም. ፓትርያርኩ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ በራሙስ ገዳም ተጋዙ፤ በሚከተለው ዓመትም ሕዝቡ ተጨንቆ ስለ ለመነ በክብር ተመለሱ። አንዱ ወገን የአባቶችን ሥልጣን፥ ሌላው የዘመኑን አስተዳደር ይዞ ሲከራከር፥ ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የካህናት ትምህርት ቤት አስፈላጊነት ነበረ። ስለዚህ በኅዳር ወር 1893 ዓ.ም. በካይሮ የመንፈሳዊ ትምህርት ኮሌጅ ተከፈተ። ሐቢብ ጊርጊስም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነው ገቡ።

የተወደዳችሁ አንባብያን! የዚህን ኮሌጅ አጀማመር ስትሰሙ ትደነቁ ይሆናል። ሒሳብና ቋንቋ የሚያስተምር ሲገኝ፥ ኮሌጁ የተከፈተበትን ዋና ነገር ማለት የሃይማኖትን ትምህርት በቋሚነት የሚያስተምር መምህር ግን ታጣ። ተማሪዎቹ ያገኙትን መጽሐፍ ለራሳቸው እያነበቡ ቈዩ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተስፋ ቈርጦ የመንግሥት ሥራ መፈለግ ለአንድ ብልህ ወጣት ቀላል ነበረ፤ ቅብጣውያን በጽሕፈትና በሒሳብ ሥራ እጅግ ይፈለጉ ነበርና ደመወዙም መልካም ነበረ። ሐቢብ ግን ቀሩ። መምህር ስላጡ በአባቶች መጻሕፍት ላይ ራሳቸው እየደከሙ ተማሩ፤ ገና በተማሪነታቸው በ1898 ዓ.ም. ገደማ ጓደኞቻቸውን የሃይማኖት ትምህርት እንዲያስተምሩ ተመረጡ። ጥሪ የምንለው ነገር ለብዙ ሰው በሕልም ወይም በድምፅ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ለእርሳቸው ግን የመጣው በባዶ የመምህር ወንበር በኩል ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ከዚያ ኮሌጅ አልወጡም። በ1918 ዓ.ም. የኮሌጁ አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ፤ በዚህም ሹመት 33 ዓመት ሠሩ። ገንዘብ ሲጐድል ከምእመናን እየለመኑ፥ ሕንፃ ሲጠብብ መሬትና ቤት እየፈለጉ፥ መጽሐፍ ሲጠፋ ራሳቸው እየጻፉ ቈዩ። ስለ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን የጻፉት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ «አል ከርማ» ማለት «የወይን ተክል» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። በየቤቱ እየገባ የሃይማኖትን ነገር በሚነበብ ዓረብኛ የሚያስረዳ መጽሔት በዚያን ጊዜ ምን ያህል ብርቅ እንደ ነበረ፥ ይህን የመሰለ ወርኃዊ መጽሔት በእጃችሁ የያዛችሁ ሁሉ አታጡትም።

ይሁን እንጂ ዋናው ሥራቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ነገሩን እንዲህ አድርገው ተመለከቱት፤ ኮሌጁ በዓመት የሚያስመርቃቸው ካህናትና ሰባክያን በጣም ጥቂት ናቸው፤ የቅብጣውያን ልጆች ግን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩትም ቢሆኑ የገዛ ሃይማኖታቸውን የሚያስተምራቸው አልነበረም። ስለዚህ በአንድ በኩል መንግሥት ለክርስቲያን ተማሪዎች የክርስትና ትምህርት እንዲፈቅድ ለመኑ፤ ለዚሁም የሚሆኑ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጁ። በሌላ በኩል ደግሞ ከሃያኛው ምእት ዓመት መግቢያ ጀምረው ሕፃናትን በቤተ ክርስቲያን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። በ1918 ዓ.ም. አቡነ ቄርሎስ 5ኛ ሲፈቅዱ ይህ ሥራ ጠቅላላ ጉባኤ ተቋቁሞለት በየከተማው ተስፋፋ።

አሠራሩ ቀላል ነበረ። ልጆቹ በዕድሜያቸው ይከፈላሉ፤ አጭር ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ሊቀ ዲያቆናቱ ለሕፃናት አፍ እንዲስማሙ አድርገው የደረሷቸውን መዝሙራት ይዘምራሉ፤ የታተመ ትምህርትና ሥዕል ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሲገባ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነውና ትምህርቱ በልጁ እጅ ወደ ምድጃው ዳር ይደርሳል። ስሙ የሰንበት ትምህርት ቤት ይባል እንጂ በግብፅ የመንግሥት ዕረፍት ዓርብ ስለ ሆነ ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚሰበሰቡት በዓርብ ቀን ነው። መምህራኑም ደመወዝ የማይቀበሉ ወጣቶች ነበሩ፤ እነርሱም በኋላ ዘመን የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ሆነው በየመንደሩ እየዞሩ ገበሬውን እስከ ማስተማር ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ሊቀ ዲያቆናቱ ቤተ ክርስቲያን መለወጥ አለባት ሲሉ ሃይማኖቷ ወይም ሥርዐቷ ይለወጥ ማለታቸው አልነበረም። እንዲያውም ከሚሲዮኖቹ ጋር የተከራከሩት የአባቶችን ትምህርት ይዘው ነው። እንዲለወጥ የፈለጉት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ ካህኑ ያልተማረ፥ መነኩሴው መጽሐፍ የማያነብ፥ ምእመኑም የሚያምነውን የማያውቅ ሆኖ እንዳይቀር ነው። በ1942 ዓ.ም. የቅብጣውያንን ቤተ ክርስቲያን ለማቃናት የሚረዱ ተግባራዊ መንገዶችን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። የስሙ ክብደት ያለው «ተግባራዊ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ስለ መሻሻል የሚናገር ሰው ሞልቶ ነበረ፤ ሸንጎውም ጋዜጣውም ይጮኽ ነበረ። እርሳቸው ግን ካህን የሚሾመው በትምህርት ተዘጋጅቶ ይሁን፥ ገዳማት የትምህርት ስፍራ ይሁኑ እያሉ እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጠርተው ጻፉ።

ለዚህ ሁሉ ድካም ሰው አመሰገናቸው ወይ? ሁልጊዜ አላመሰገናቸውም። በአራት ፓትርያርኮች ዘመን ሲያገለግሉ፥ አቡነ ቄርሎስ 5ኛ እንደ ልጃቸው አቅርበው በጉዟቸው ያስከትሏቸው ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲያ አልሆነም። የኮሌጁ ምሩቃንም በየአጥቢያው ሲደርሱ፥ የለመደውን የካህን ልጅ የሚመርጥ ሕዝብ ይገጥማቸው ነበረ። በስተርጅናቸው የጊዛ ምእመናን ሊቀ ዲያቆናቱ ጳጳስ እንዲሆኑላቸው አመልክተው ነበረ። እርሳቸው ሚስት ያላገቡ ድንግል ቢሆኑም በገዳም የመነኰሱ ስላልነበሩ ሹመቱ ሳይሆን ቀረ። ሥርዐቱን ጠብቆ እንዲህ የወሰነውን ወገን ለመንቀፍ አንቸኩልም፤ ጵጵስና ከመነኰሳት መሆኑ በእኛም ዘንድ የታወቀ ሥርዐት ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ሊቀ ዲያቆናቱ ቅር ብሏቸው ሥራቸውን አለመተዋቸው ለእኛ ከሹመቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር ነው። በ1946 ዓ.ም. ለዩኒቨርስቲ ምሩቃን የማታ ትምህርት ክፍል በኮሌጁ ተከፍቶ ነበርና በየማታው የሚገቡትን ወጣቶች መቀበላቸውን ቀጠሉ።

ከነዚያ የማታ ተማሪዎች አንዱ ናዚር ጋይድ የሚባል በታሪክ ትምህርት የተመረቀ ወጣት ነበረ። እርሱም በ1954 ዓ.ም. መነኰሰ፤ በ1962 ዓ.ም. የትምህርት ጳጳስ ሆኖ በመምህሩ ኮሌጅ ላይ ተሾመ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ተብለው በማርቆስ መንበር ተቀመጡ። ሌላው ሰዓድ ዓዚዝ የተባለው በሕግ ትምህርት የተመረቀ ሲሆን፥ ከኮሌጁ እንደ ወጣ ከ1944 እስከ 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በኋላም አቡነ ሳሙኤል ተብለው የማኅበራዊ አገልግሎት ጳጳስ ሆኑ፤ በ1981 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሳዳት በተገደሉበት ሰልፍ ላይ አብረው ተገደሉ። ስለዚህ የሊቀ ዲያቆናቱ ትምህርት ወደ አገራችን በቀጥታ የመጣበት መንገድ ነበረ ማለት ይቻላል። ከዚያም በፊት በ1908 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ቅብጣውያን እንደ ነበሩ ይታወቃል።

እርግጥ ነው፥ የእኛ ነገር ከእነርሱ ጋር አንድ ዐይነት አልነበረም። ግብፃውያን ያጡት የንባብ ቤት፥ የዜማ ቤት፥ የቅኔ ቤትና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት በእኛ ዘንድ ሳይቋረጥ ቈይቷል፤ ይህም ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ያ ሀብት በአብዛኛው ለክህነት ለሚታጭ ልጅ የተዘጋጀ ነበረ። በከተማ ተወልዶ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፥ ሴቲቱም ልጅ፥ ከአብነት ትምህርት ቤት ውጭ ሲቀሩ የት ይማሩ? ይህን ጥያቄ ሊቀ ዲያቆናቱ በካይሮ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ጠይቀውታል። ዛሬ በየአጥቢያችን በነጠላ ተሸፍነው የሚዘምሩት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የዚያው ጥያቄ ዘመዶች ናቸው።

ሐቢብ ጊርጊስ በነሐሴ ወር 1951 ዓ.ም. አረፉ። ከ62 ዓመት በኋላ በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. በአቡነ ታዋድሮስ 2ኛ ሊቀ መንበርነት የተሰበሰበው የግብፅ ቅዱስ ሲኖዶስ ቅድስናቸውን ዐወጀ። በዚያው ቀን አብረዋቸው ቅድስናቸው የታወጀላቸው አባት፥ በ1959 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስን የሾሙት አቡነ ቄርሎስ 6ኛ ናቸው። ፓትርያርኩና ዲያቆኑ ስማቸው በአንድ ውሳኔ ተጻፈ።