ከስንዴው ማሳ እስከ ዓሣው ገንዳ፦ ናይትሬትና የባሌ ውሃ

እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የቆሻሻ ፍሳሽን አሸዋ በተሞላ ረጅም ቱቦ ውስጥ ቀስ እያደረጉ አሳለፉት። መጀመሪያ ላይ በፍሳሹ ያለው አሞኒያ እንደገባ ወጣ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን በሌላው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ አሞኒያው ጠፍቶ ናይትሬት ያዘ። ቱቦው ውስጥ ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ለውጡ ቀጥ አለ። ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ሥራውን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ነጥሎ ያወጣቸው ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ሲሆን፣ ይህም በ1890 ሆነ።

እነዚያው የባክቴሪያ ወገኖች ዛሬ በባሌ፣ በሲናና የስንዴ ማሳ ውስጥ ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ደግሞ የዓሣውን ኩስና የተረፈ ምግብ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ስለ ናይትሬት ቁጥጥር በሰፊው ሲሞከር የኖረው በሁለት በኩል ነው፤ በግብርናና በመጠጥ ውሃ ሰዎች በኩል፣ እንዲሁም የባሕር ዓሣ በቤታቸው በሚያረቡ ሰዎች በኩል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የመረጥኩት፣ የገንዳው ትምህርት ለባሌ ደጋ ውሃ በቀጥታ የሚሠራ ስለሆነ ነው።

በገንዳው ልጀምር። በጤናማ የባሕር ኮራል አካባቢ ያለው ናይትሬት በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ነው። በቤት ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው በየቀኑ ይበላል፣ ውሃው የትም አይሄድም፤ ስለዚህ መጠኑ በሊትር 80 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው መፍትሔ ውሃ መቀየር ነው፤ ስሌቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። 80 የደረሰን ውሃ ሩቡን ቀድቶ ናይትሬት በሌለው ውሃ ቢተኩት 60 ይሆናል፤ በሁለተኛው 45፣ በሦስተኛው 34 ገደማ። ምግቡ ካልተቀነሰ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ከዚህ ቀጥሎ አረፋ እየፈጠረ ቆሻሻውን ሳይበሰብስ የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ በጎን ገንዳ ውስጥ አልጌ አሳድጎ ማጨድም አለ። ሞናኮ ውስጥ ዣን ዦቤር የተባሉ ሳይንቲስት ያስፋፉት ዘዴ በገንዳው ውስጥ ጥልቅ የአሸዋ ንጣፍ ማንጠፍ ነበር። በአሸዋው ጥልቀት ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡትና ወደ አየር ይሄዳል። ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ምግብ እንዲሆን ኮምጣጤ ወይም ቮድካ በጠብታ የሚጨምሩም አሉ፤ ሲበዛ ግን የውሃውን ኦክስጅን አሟጦ ዓሣውን ይገድላል።

ይህ የመጨረሻው ዘዴ ለባሌ ከተሞች ይበልጥ አደገኛ ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ በውሃ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከጨው አልባው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ጨው አሟሙቶ የባሕር ገንዳ የሚያቆም የደጋ ሰው ጥቂት ዓሣ አስገብቶ፣ አየሩን አብዝቶ፣ ምግቡን አሳንሶ ቢጀምር ይሻለዋል።

ዓሣ ለባሌ ባዕድ አይደለም። ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ከውጭ መጥቶ በወይብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ተላምዷል። ትራውት የሚኖረው ንጹሕና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ሲያገኝ ነው። ወይብ ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ የጋይሳይን ረግረጋማ ሣር ሜዳ እየዳሰሰ፣ ሻያንና ቶጎናን የመሳሰሉ ገባሮችን እየተቀበለ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ከዚያም መተላለፊያዎቹ በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙትን የሶፍ ዑመር ዋሻ ሰንጥቆ ቆላውን ያጠጣል። ዋሻው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲሮጥ የሚያጠራው አፈር አያገኝም። ደጋ ላይ የገባበትን ይዞ ቆላ ይደርሳል።

ደጋው ላይ ደግሞ የሚገባበት ብዙ ነው። በአጎራባቿ አርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው፣ ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ገበሬውን ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር በስፋት ካስተዋወቁት ፕሮጀክቶች አንዱ ነበር። ባሌም ከአርሲ ጋር የአገሪቱ የስንዴ ቀበቶ ሆነች፤ የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ይሠራል። መጀመሪያ ዳፕና ዩሪያ፣ ቆይቶ ኤንፒኤስ የተባሉት ማዳበሪያዎች ማሳው ላይ ተበተኑ። ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ሰብሉ የወሰደው እህልና ገለባ ይሆናል። የተረፈው ናይትሬት ሆኖ ይቀራል፤ የሸክላ አፈር ደግሞ ናይትሬትን አይዝም፤ ሁለቱም አሉታዊ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ። ባሌ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት፣ ገናና ቦና፣ ስላላት አፈሩ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይታጠባል። በደረቁ ወራት የተጠራቀመው ናይትሬት ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጋር ይወርዳል።

ለማዳበሪያ ጠላት አይደለሁም። ያለ ናይትሮጅን ያ ሁሉ ስንዴ አይኖርም ነበር። የሚያሳስበኝ አበታተኑ ነው። ዩሪያውን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ከፍሎ፣ ዋናውን ድርሻ ስንዴው ሥር ይዞ ተጨማሪ ግንድ ማውጣት ሲጀምር መስጠት የገበሬውን ገንዘብም ወንዙንም ያድናል። ስንዴን በስንዴ ላይ ከመደራረብ ባቄላና አተርን ማፈራረቅም ለቀጣዩ ሰብል የሚያስፈልገውን ዩሪያ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ምንጭ ከተማው ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የከብት በረት፣ የፍሳሽ ቦይ። ይህ ምን እንደሚያደርስ ድሬዳዋ አሳይታናለች። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ከተማ የመጸዳጃ ጉድጓዶች እያፈሰሱ የከርሰ ምድር ውሃዋ ናይትሬት ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን አልፏል። ሮቤና ጎባ እየሰፉ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በድሬዳዋ ላይ የደረሰው ሳይደርስባቸው መሥራት የሚችሉበት ጊዜ አሁን ነው። የከርሰ ምድር ውሃ አንዴ ከተበከለ የሚጠራው በአሥርት ዓመታት ነው።

የጤናው ጉዳይ በዋናነት የሕፃናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ አይዋ ውስጥ ሃንተር ኮምሊ የተባሉ ሐኪም፣ በጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ሕፃናት ቆዳቸው ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ አይተው ምክንያቱን ዘገቡ። ናይትሬቱ በሆድ ውስጥ ናይትራይት ይሆናል፣ ናይትራይቱ ሄሞግሎቢንን ይለውጠዋል፣ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ናይትራይት የጨው አልባ ውሃ ዓሣን የሚገድለውም በዚሁ መንገድ ነው፤ የባሕር ዓሣን የሚጠብቀው የውሃው ክሎራይድ ነው። የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት የሆነው ሕፃናትን ለመጠበቅ ነው። አንዳንድ መመርመሪያ ግን የሚያነበው ናይትሮጅኑን ብቻ ነው፤ በዚያ ልኬት ወሰኑ 11 ገደማ ስለሚሆን፣ 20 ያነበበ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው እንዲያውም ይበረታል። ክሎሪንም የሸክላ ማጣሪያም አይነኩትም። የሚያወጡት ልዩ ማጣሪያዎች ውድ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ወይም ኬሚካል ይፈልጋሉ። ለባሌ የሚሻለው የዦቤር አሸዋ የሚሠራውን ሥራ በነፃ የሚሠራው ነው፤ ረግረጉ፣ የወንዝ ዳር ሣሩ፣ ጭቃው። ውሃ የተኛበት ኦክስጅን አልባ ጭቃ ናይትሬቱን ጋዝ አድርጎ ያሰናብተዋል፤ ሥር ያለው ሣር ደግሞ ይበላዋል። በየዓመቱ ረግረግ እያጠነፈፉ ማረስ፣ ማሳን እስከ ወንዙ ከንፈር መግፋት፣ የተራሮቹን ሣር በከብት ማራቆት ይህን የሚሠራ ምድር ማጥፋት ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከአራዊቱ እኩል ሊጠበቅለት የሚገባው ይህ ውሃ ማጣራቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ የምትቀዱ፦ መጸዳጃውንና በረቱን ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር አርቁ፣ በቁልቁለቱም በኩል አድርጉ። የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደ በኋላ ውሃችሁን አስመርምሩ፤ ልኬቱ የናይትሬት ነው ወይስ የናይትሮጅን ብላችሁም ጠይቁ። ከወሰኑ ካለፈ፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ወተት የምትበጠብጡበትን ውሃ ከሌላ ምንጭ ቅዱ።